የበርሊን ኮሮጆና የዋሽንግተን ጃንጥላ

ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2025 ጀርመኖች ድምፅ ሰጡ። መምረጥ ከሚችለው ሕዝብ 82.5 በመቶው ወጥቶ መረጠ። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሳው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ አንባቢ እንዳይደናገር።) ቆጠራው ገና ሳይጠናቀቅ፣ በዚያው ምሽት፣ የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ መሪ ፍሪድሪሽ ሜርስ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ቀዳሚ ሥራቸው አውሮፓን በተቻለ ፍጥነት ማጠናከርና ደረጃ በደረጃ ከአሜሪካ ጥገኝነት መላቀቅ መሆኑን ተናገሩ። እንዲህ ያለ ነገር በቴሌቪዥን መናገር ይኖርብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር የሚል ቃልም ጨመሩበት።

ይህን የሰማ ሁሉ «በቃ፣ ጀርመንና አሜሪካ ተፋቱ!» አለ። ፖለቲካ እንደ ቡና የሚጠጣ አንድ ወዳጄማ «ሰማንያው ተቀደደ» ብሎ ደውሎልኛል። በሌላ በኩል ደግሞ «ተወው ባክህ፣ ጀርመን ውስጥ ማንም ቢመረጥ ማንም ቢወርድ አሜሪካ ከዚያ አገር ንቅንቅ አትልም» የሚሉ አሉ። እኔ ሁለቱም ወገኖች ነገሩን የያዙት በተሳሳተ ጫፉ ነው እላለሁ።

የጀርመንና የአሜሪካ ግንኙነት በ2025 ተለውጧል፤ አይካድም። የለወጠው ግን ጀርመናዊው መራጭ ኮሮጆ ውስጥ የጨመረው ወረቀት አይደለም። ለውጡን ያመጣው ከምርጫው በኋላ፣ ዘመኑ ባለፈበት ፓርላማ፣ አሜሪካኖች በመረጡት ሰው ምክንያት የተወሰነ ውሳኔ ነው። በዚያ ውሳኔ ላይ የጀርመንን ሕዝብ «ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። የዛሬው ነገሬ ይኸው ነው።

አስቀድሜ ስለ ሰውየው ልበል። ያንን ቃል አንድ የግራ ፖለቲከኛ ቢናገረው ኖሮ ጆሮዬን አላቆምም ነበር። ሜርስ ግን «የአትላንቲክ ድልድይ» የተባለውን፣ ጀርመንንና አሜሪካን ለማቀራረብ የተቋቋመ ማኅበር ከ2009 እስከ 2019 ድረስ በሊቀ መንበርነት የመሩ ሰው ናቸው። ከፖለቲካ ራቅ ባሉበት ዘመንም ብላክሮክ በተባለው ግዙፍ የአሜሪካ የገንዘብ ኩባንያ የጀርመን ቅርንጫፍ የተቆጣጣሪዎች ቦርድ ሰብሳቢ ነበሩ። እንግዲህ «እንለያይ» ያለው ሚዜው ነው። ሚዜው እንዲህ ካለ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ተሰብሯል ማለት ነው።

ምን ተሰበረ? ከምርጫው በፊት የነበሩትን ሳምንታት ማየት ይበቃል። ዲሴምበር 2024 ላይ ቢሊየነሩ ኢሎን መስክ «አማራጭ ለጀርመን» የተባለውን አክራሪ ቀኝ ፓርቲ በአደባባይ ደገፉ። ቆየት ብለው በአንድ ታላቅ የጀርመን ጋዜጣ ላይ ጽፈው ደገፉት። በጃንዋሪ ደግሞ ፓርቲው ሃለ ከተማ ውስጥ በጠራው ስብሰባ ላይ በቪዲዮ ንግግር አደረጉ። ምርጫው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄ ዲ ቫንስ ሙኒክ መጡ። የጸጥታ ጉባኤው ተሰብሳቢ ስለ ዩክሬይን ይናገራሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ እሳቸው አውሮፓን የሚያሰጋት ሩሲያም ቻይናም ሳትሆን ከውስጧ ያለው ነገር ነው ብለው ተቆጡ፤ ሌሎቹ ፓርቲዎች አክራሪ ቀኙን ለማግለል የሠሩትን አጥርም ነቀፉ። ከዚያ የፓርቲውን መሪ አሊስ ቫይድልን አግኝተው አነጋገሩ። በሥልጣን ላይ የነበሩትን መራሔ መንግሥት ኦላፍ ሾልስን ግን አላገኟቸውም።

ልብ አድርጉ! ቻይና ወይም ሩሲያ ይህንን አደረገች ቢባል ዋሽንግተን «በሰው አገር ምርጫ ጣልቃ መግባት» ብላ ማዕቀብ ታዘጋጅ ነበር።

የሚገርመው ደግሞ ሌላ ነው። ዋሽንግተን እንዲህ የተሟገተችለት ፓርቲ በ2016 ባጸደቀው መሠረታዊ ፕሮግራሙ ላይ የውጭ ወታደሮች ሁሉ፣ ከነኑክሌር መሣሪያቸው፣ ከጀርመን ምድር እንዲወጡ ጠይቋል። ከጀርመን ምድር ያለው የኑክሌር መሣሪያ ደግሞ የማን ነው? የአሜሪካ! አውጡልን የሚልን ፓርቲ ባለቤቷ ራሷ ስታሞግስ ማየት በዚህ ዘመን ብቻ የሚገኝ ትርኢት ነው።

ፓርቲው 20.8 በመቶ አገኘ። በ2021 ካገኘው እጥፍ ነው። የመስክና የቫንስ ድጋፍ ያመጣው ነው ወይ? አይመስለኝም፤ ከእነሱ ድጋፍ በፊትም በሃያ በመቶ አካባቢ ይመዘን ነበር። ድጋፉ የሠራው ሌላ ሥራ ነው። ዕድሜ ልካቸውን አሜሪካን ሲያመልኩ የኖሩትን ወግ አጥባቂዎች አስበረገገ። ቀኙን አላሳደገም፤ መሐሉን ግን ከአሜሪካ አራቀ።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልሂድ። ምክንያቱም ጀርመን ውስጥ በምርጫ ሰሞን አሜሪካ ላይ መጮኽ አዲስ ነገር አይደለም።

በ1983 ምዕራብ ጀርመን የመረጠችው በሚሳይል ጥላ ሥር ሆና ነበር። «ፐርሺንግ 2» የተባሉት የአሜሪካ ሚሳይሎች ይተከሉ አይተከሉ በሚለው ጉዳይ ሕዝቡ በመቶ ሺዎች አደባባይ ይወጣ ነበር። ኔቶ ሚሳይሎቹን ለመትከል በ1979 ሲወስን ከፊት የነበሩት ሶሻል ዴሞክራቱ ሄልሙት ሽሚት በ1982 ወድቀው፣ ሥልጣኑ ለሄልሙት ኮል ተላልፎ ነበር። በማርች 1983 ኮል ምርጫውን በሰፊው አሸነፉ፤ በኖቬምበር ቡንደስታግ «ይተከሉ» ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ ወዲያው ገቡ። ደስ ያለውም ያልተደሰተውም አንድ ነገር መካድ አይችልም፤ ጥያቄው በግልጽ ቀርቦ ነበር፣ መራጩም ምን እንደሚከተል አውቆ ነው የመረጠው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ 2002 መጣ። ጌርሃርድ ሽሮደር በምርጫው ሊሸነፉ ተቃርበው ነበር። ሁለት ነገሮች አዳኗቸው። አንደኛው በኦገስት ኤልበ ወንዝ ሞልቶ ምሥራቅ ጀርመንን ሲያጥለቀልቅ ቦት ጫማ አጥልቀው ጭቃ ውስጥ መታየታቸው ነው። ሁለተኛው በኢራቅ ጦርነት አንሳተፍም ማለታቸው። ሴፕቴምበር 22 ቀን ሁለቱ ትላልቅ ወገኖች እኩል 38.5 በመቶ አገኙ፤ ሽሮደር የበለጡት ወደ 6 ሺህ በሚጠጋ ድምፅ ብቻ ነው። በምርጫው ዋዜማ የፍትሕ ሚኒስትራቸው የቡሽን ዘዴ ከሂትለር ጋር አነጻጸሩ ተባለና ዋሽንግተን በገነች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ሴትዮዋ ከአዲሱ ካቢኔ ውጭ ሆኑ። ቡሽም ለአሸናፊው ይደወል የነበረውን የ«እንኳን ደስ አለህ» ስልክ ሳይደውሉ ቀሩ።

አንባቢ እዚህ ላይ ጀርመንና አሜሪካ ሆድና ጀርባ የሆኑ ይመስለው ይሆናል። በአፍ አዎ። በምድር ላይ ግን የአሜሪካ አውሮፕላኖች በጀርመን ሰማይ እያለፉ ወደ ኢራቅ ተመላለሱ። የጦር ሠፈሮቹ አንድ ቀን አልተዘጉም። እንዲያውም የአሜሪካ ወታደሮች ወደ ጦርነቱ ሲሄዱ በጀርመን ያለውን ሠፈራቸውን የጠበቁላቸው የጀርመን ወታደሮች ናቸው! ሽሮደር በአደባባይ «እምቢ» አሉ፣ በጓዳ በሩን ከፍተው አስገቡ። በተቃዋሚነት የነበሩት አንጌላ ሜርክል ደግሞ በፌብሩዋሪ 2003 ዋሽንግተን ፖስት ላይ ጽፈው ሽሮደር ጀርመኖችን ሁሉ አይወክሉም ብለው ለአሜሪካኖቹ አስረዱ።

እኚሁ ሜርክል በሜይ 2017፣ እሳቸውም በምርጫ ዘመቻ ላይ ሳሉ፣ ሙኒክ ላይ በአንድ የቢራ ድንኳን ውስጥ ቆመው በሌሎች ላይ ሙሉ በሙሉ የምንመካበት ዘመን በተወሰነ ደረጃ አልፏል አሉ። ትረምፕን ሲሲሊ ላይ ካገኙ ገና መመለሳቸው ነበር። ዓለም ጉድ አለ። ከዚያስ? ከዚያማ ምንም። መከላከያ ላይ ያወጡት የነበረው ገንዘብ ከኔቶ የ2 በመቶ ግብ በታች እንደሆነ ሥልጣናቸውን ጨርሰው ወረዱ።

የጀርመን ምርጫ እንግዲህ የአሜሪካን ጉዳይ ሁልጊዜ በአንደበት ላይ ያመጣዋል፤ ወደ ኪስ ግን አያወርደውም ነበር። ጃንጥላው የሰው ሆኖ ዝናቡን ለሚከላከልለት ሰው ስለ ጃንጥላው ቀለም መነጫነጭ ቀላል ነው።

2025ን የተለየ ያደረገው ኪሱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር። ጀርመን በሕገ መንግሥቷ ውስጥ በ2009 ያስገባችው «የዕዳ ልጓም» የሚባል ነገር አለ፤ መንግሥት ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይበደር የሚያስር ነው። የሜርስ ፓርቲ ለምርጫው የቀረበው ይህንን ልጓም እንደያዝን እንቀጥላለን ብሎ ነው። «የልጆቻችንን ገንዘብ አንበላም» የሚለው ስብከት የዘመቻው ማጣፈጫ ነበር። ከምርጫው አምስት ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 28፣ ትረምፕና ቫንስ በዋይት ሐውስ ቴሌቪዥን እያየ ዘለንስኪን አዋረዱ። አውሮፓ እንቅልፍ አጣች። ማርች 18 ቀን፣ ከምርጫው 23 ቀን በኋላ፣ ቡንደስታግ ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ። ለመከላከያ ከጠቅላላው የአገር ምርት 1 በመቶ በላይ የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ከዕዳ ልጓሙ ነጻ ሆነ። በዚያው ላይ ለመንገድ፣ ለድልድይ፣ ለባቡርና ለመሳሰለው የ500 ቢሊዮን ዩሮ ልዩ ፈንድ ተፈቀደ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ማለት ይህ ነው።

ያንን ድምፅ የሰጠው የትኛው ቡንደስታግ ነው? አዲሱ አይደለም! በፌብሩዋሪ ሕዝብ ያሰናበተው የድሮው ቡንደስታግ ነው። በአዲሱ ውስጥ «አማራጭ ለጀርመን» 152፣ የግራ ፓርቲው 64 መቀመጫ ይዘዋል፤ በድምሩ ከ630ው መቀመጫ ከሲሶ በላይ ነው። ሕገ መንግሥት ለማሻሻል ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ስለዚህ አዲሶቹ ማርች 25 ቀን ከመግባታቸው በፊት የድሮዎቹ ተጠርተው፣ 489 ድምፅ በቂ ሆኖ ሳለ 512 ሰጥተው ሄዱ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም ስብሰባውን ላግድ አልልም አለ፤ እስከ አዲሱ ምክር ቤት የመጀመሪያ ጉባኤ ድረስ የድሮው ሥልጣን አለውና ሕጋዊ ነው።

ሕጋዊ ነው፤ ልክ ነው። እኔን የሚቆጠቁጠኝ ሌላው ጎኑ ነው። በ1983 ኮል ሚሳይሉን ተሸክመው መራጩ ፊት ቆሙ። በ2025 ሜርስ መራጩ ፊት የቆሙት ልጓሙን ይዘው ነው፤ ልጓሙን ያወለቁት መራጩ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ገንዘቡ ያስፈልግ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ያስፈልግ ነበር። እኔ ጀርመናዊ ብሆን ኖሮ ጎረቤቴ ዩክሬይን በቦምብ ስትደበደብ፣ ጠባቂዬም «ዛሬ ልጠብቅህ፣ ነገ እንጃ» ሲለኝ፣ ተበድሬም ቢሆን በሬን አጠነክር ነበር። ግን ልጠየቅበት እወድ ነበር። ሕዝብን ሳይጠይቁ ለሕዝብ ደግ ነገር መሥራት የሚወዱ መሪዎች በየአገሩ አሉ፤ ውጤቱንም እናውቀዋለን።

ቅጣቱ ሳይውል ሳያድር መጣ። ሜይ 6 ቀን ሜርስ መራሔ መንግሥት ለመሆን ምክር ቤቱ ፊት ሲቀርቡ በመጀመሪያው ዙር ወደቁ። 316 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ ጥምረታቸው 328 መቀመጫ ነበረው፤ ያገኙት 310 ነው። ምርጫው በምስጢር ነውና ከራሳቸው ወገን አሥራ ስምንቱ ከዷቸው ማለት ነው። ከጦርነቱ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም። ከሰዓታት በኋላ በሁለተኛው ዙር በ325 አለፉ። (የገዛ ፓርቲው አባላት በምስጢር ድምፅ መሪያቸውን ጣሉት፣ ማንም ግን አልታሠረም! ለአንዳንድ አንባቢ ይህ የልጆች ተረት ይመስለው ይሆናል።)

አሁን ወደ ሁለተኛው ምርጫ ልሻገር፤ ጀርመኖች ድምፅ ወደማይሰጡበት ምርጫ ማለቴ ነው።

በ2020 ክረምት ትረምፕ ጀርመን መክፈል የሚገባትን አትከፍልም ብለው ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮችን ከጀርመን እንዲያወጡ አዘዙ። የአውሮፓው ዕዝ ዋና ሠፈር ከሽቱትጋርት ወደ ቤልጂየም እንዲዛወርም ተወሰነ። በኖቬምበር 2020 አሜሪካኖች ባይደንን መረጡ። በፌብሩዋሪ 2021 ትእዛዙ ቆመ። የራሳቸው አገር የጦር ሠፈር ዕጣ የተወሰነው ጀርመኖች በመረጡት ሰው ሳይሆን ሌላ ሕዝብ በመረጠው ሰው ነው።

ኖቬምበር 2024ን ተመልከቱ። አሜሪካኖች በ5ኛው ቀን መረጡ። በማግሥቱ ጠዋት የትረምፕ ማሸነፍ ተነገረ፤ በዚያው ዕለት ምሽት ሾልስ የገንዘብ ሚኒስትራቸውን ክርስቲያን ሊንድነርን አባረሩና የበርሊን ጥምር መንግሥት ፈረሰ። የተጣሉበት ጉዳይ ምንድነው? ለዩክሬይን የሚሰጠው ገንዘብ ከየት ይምጣ፣ የዕዳ ልጓሙ ይላላ ወይስ አይላላ የሚል ነው! ጥሉ የቆየ ነበርና ትረምፕ ናቸው ያፈረሱት አልልም። ግን ባለ ጃንጥላው ማን እንደሆነ በታወቀ በሰዓታት ውስጥ ተጠላዮቹ ስለ ዝናቡ ወጪ መስማማት አቃታቸው።

ሜርስ ከተመረጡ በኋላስ ምን አደረጉ? «ከአሜሪካ እንላቀቃለን» ያሉት ሰው ጁን 5 ቀን 2025 ዋይት ሐውስ ሄዱ። የያዙት ስጦታ የትረምፕ አያት በ1869 ካልሽታት በምትባል የጀርመን መንደር ሲወለዱ የተመዘገቡበት ወረቀት ነው፤ በወርቃማ ክፈፍ አስጊጠው ሰጧቸው። እኔ በዚህ አልቀልድባቸውም። ሁለት ጉድጓድ ያላት አይጥ አትሞትም ይባላል፤ አንዱን ጉድጓድ ቆፍረው ሳይጨርሱ ሌላውን መድፈን ሞኝነት ነው። እዚያ ተቀምጠው ትረምፕ የአሜሪካ ጦር ኖርማንዲ ያረፈበትን ቀን ለእናንተ ጥሩ ቀን አልነበረም ሲሏቸው፣ ሜርስ ያ ቀን ውሎ አድሮ አገሬን ከናዚ አምባገነንነት ያወጣ ነው ብለው መለሱ። አጭር፣ ጨዋ፣ ያላጎነበሰ መልስ ነበር።

በዚያው ወር ሔግ ላይ የኔቶ አገሮች እስከ 2035 ድረስ ከአገር ምርታቸው 5 በመቶ ለመከላከያና ለተያያዘ ሥራ ለማውጣት ተስማሙ፤ 3.5ቱ ለጦሩ፣ 1.5ቱ ለመንገድ፣ ለወደብና ለመሳሰለው ነው። ጀርመን 3.5ቱን በ2029 እደርስበታለሁ ብላ አቀደች። ትረምፕ ይህን እንደራሳቸው ድል ቆጠሩት። እውነትም ነው። ሜርስም እንደራሳቸው ቆጠሩት። ይህም እውነት ነው! ልዩነቱ አንደኛው «ክፈሉኝ» ማለታቸው፣ ሁለተኛው «ከፍዬ እወጣለሁ» ማለታቸው ነው።

መውጣቱ ግን እንዲህ የዋዛ አይደለም። ቢውሸል በተባለው የአየር ኃይል ሠፈር ያለውን የአሜሪካ ኑክሌር ቦምብ ጦርነት ቢመጣ የሚሸከሙት የጀርመን አውሮፕላኖች ናቸው። አሮጌዎቹን ለመተካት ጀርመን የገዛችው 35 «ኤፍ-35» ነው፤ የአሜሪካ ሥሪት። አብራሪው ጀርመናዊ፣ አውሮፕላኑ አሜሪካዊ፣ ቦምቡ አሜሪካዊ፣ «ጣል» የሚለው ቃልም ከዋሽንግተን የሚመጣ። ይህንን በአንድ የቴሌቪዥን ምሽት አይላቀቁትም።

ንግዱም እንደዚያው ነው። በ2024 ጀርመንና አሜሪካ የተነጋገዱት ከ250 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ነበር፤ በዚያ ዓመት አሜሪካ ቻይናን ቀድማ የጀርመን አንደኛ የንግድ ሸሪክ ሆና ነበር። ጀርመን ከገዛችው ይልቅ የሸጠችው በ70 ቢሊዮን ያህል ይበልጣል። ትረምፕን የሚያንገበግባቸው ይህ ቁጥር ነው። በኤፕሪል 2025 በውጭ መኪና ላይ 25 በመቶ ጨመሩና ቀረጡ 27.5 ሆነ። ጁላይ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ስኮትላንድ ውስጥ፣ ትረምፕ የጎልፍ ሜዳ ባላቸው ስፍራ፣ ተደራድሮ በ15 በመቶ ተስማማ። ቀድሞ 2.5 የነበረውን 15 ሲያደርጉት «ተመስገን» የሚያሰኝ ጊዜ መጣ! ሜርስም ስምምነቱን ደስ ሳይላቸው ተቀበሉ። ከዋሽንግተን ጋር ስለ መኪና የሚደራደረው ብራስልስ እንጂ በርሊን አይደለምና፣ በዚህ በኩልም የጀርመን ኮሮጆ እጁ አጭር ነው።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የአሜሪካ ጦር የአፍሪካ ዕዝ፣ አፍሪኮም የሚሉት፣ ዋና ሠፈሩ አፍሪካ ውስጥ አይደለም። በ2007 ሲቋቋም ብዙዎቹ የአፍሪካ መንግሥታት አገራችን አይገባም ስላሉ ሽቱትጋርት ቀረ። ከ2011 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ከአርባ ምንጭ ይነሱ የነበሩት የአሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ሶማሊያን ሲያዩ፣ የአካባቢው የአሜሪካ ጦር ጉዳይ የሚታዘዘው ከጀርመን ከተማ ነበር ማለት ነው። በ2020 ትረምፕ ሠፈር ሲያስነሱ አፍሪኮምም ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ተነግሮት ነበር። ጀርመንና አሜሪካ ከምር ቢጣሉ «ይህ ዕዝ የት ይሂድ?» የሚለው ጥያቄ ወደ አህጉራችን ደጃፍ ይመጣል።

ጁላይ 15 ቀን 2025 ደግሞ የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አንድ ፍርድ ሰጠ። በ2012 ዘመዶቻቸው የመን ውስጥ በአሜሪካ ድሮን የተገደሉባቸው ሰዎች፣ ምልክቱ የሚተላለፈው ራምሽታይን ባለው የአሜሪካ ሠፈር በኩል ነውና ጀርመን ታስቁምልን ብለው ከሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ ጀርመን የውጭ ሰውን ሕይወት የመጠበቅ አጠቃላይ ኃላፊነት ሊኖርባት ይችላል፣ በዚህ ጉዳይ ግን ለዚያ የሚያስፈልገው መስፈርት አልተሟላም ብሎ አሰናበታቸው። የሚያዝነው ይዘን፤ እኔ የማየው «ነጻ እንወጣለን» የሚል መንግሥት ግቢው ውስጥ ስለሚሠራው ነገር ለመጠየቅ ገና አቅሙም ፍላጎቱም እንደሌለው ነው።

ሌላም አለ። ማታ ማታ ሬዲዮ የሚከፍት ሰው ሁለት ጣቢያዎችን አብሮ ያውቃቸዋል፤ ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ የሚናገረውን የጀርመን ድምፅንና በ1982 መናገር የጀመረውን የአሜሪካ ድምፅን። በማርች 2025 ከዋሽንግተን በመጣ ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅ ከ1,300 በላይ ሠራተኞች በአንድ ቀን ከሥራ ታገዱ። ጁላይ 1 ቀን ዩኤስኤይድ ተዘጋ። «ምርጫ እዚያ ማዶ ነው» የሚል ሰው ይህችን ይመልከት። ጀርመንም ብትሆን ክፍተቱን ልሙላ አላለችም። ለጦሩ የተከፈተው የዕዳ በር ለዕርዳታው አልተከፈተም፤ በ2024 ከ11 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የነበረው የልማት ትብብር ሚኒስቴሯ በጀት በ2025 ወደ 10 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። ዝሆኖቹ ገና ሳይጣሉ፣ ሲኮራረፉ ብቻ፣ ሣሩ መድረቅ ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ምን ይመጣል? በሜይ 2025 የጀርመን የአገር ውስጥ ደኅንነት «አማራጭ ለጀርመን»ን በአክራሪነት ፈርጆት (ፓርቲው ስለከሰሰ ፍረጃውን ለጊዜው አግዶት ነበር)፣ የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ ይህ የተሸፈነ አምባገነንነት ነው ብለው ወረዱበት። በዲሴምበር 2025 የወጣው የዋይት ሐውስ ብሔራዊ የጸጥታ ስትራቴጂ ደግሞ የአውሮፓ «አርበኛ» ፓርቲዎች ማደግ ተስፋ ይሰጣል የሚል ነገር በጽሑፍ አሰፈረ። ከእንግዲህ የመስክ ጨዋታ ነው ማለት አይቻልም፤ የመንግሥት ሰነድ ሆኗል። ሜርስም አንዳንዱን ነገር አልቀበልም ብለው መልስ ሰጥተውበታል።

አሜሪካ ፕሬዚዳንቷን በኖቬምበር 2028 ትመርጣለች። የጀርመን መደበኛ ምርጫ የሚውለው ከዚያ ቀጥሎ በ2029 ነው። አሁንም አሜሪካኖቹ ይቀድማሉ። በዚያን ጊዜ የጀርመን የመከላከያ ወጪ በዕቅዱ መሠረት በዓመት ከ150 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ይሆናል፤ አብዛኛው በብድር። ሜርስም ሆኑ ተተኪያቸው በ2025 ያልጠየቁትን ያኔ መጠየቃቸው አይቀርም። ይህን ጦር የሠራነው ከአሜሪካ ጎን ለመቆም ነው ወይስ ያለ አሜሪካ ለመቆም? ዕዳውንስ ማን ይክፈለው? የራሳችንን ሠፈሮች ለሌላ ጦር እስከ መቼ እናከራይ? እነዚህን ጥያቄዎች መሐሉ ላይ ያሉት ፓርቲዎች ደፍረው ኮሮጆው ፊት ካላቀረቧቸው፣ በራሱ ቋንቋ የሚያቀርባቸው ፓርቲ ከወዲሁ 152 መቀመጫ ይዞ እየጠበቀ ነው።